ሞተሩ ያለቀ አሮጌ መኪና መግዛት ያዋጣል?

"መኪናው ምንም አይልም፤ ሞተር ብቻ ነው የሚፈልገው።" ያገለገለ መኪና ሲያፈላልግ የከረመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። የሚጠየቀው ዋጋ ከሚሄደው መኪና ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። ቀለሙ ደህና ነው። ወንበሩ አልተቀደደም። ጎማውም ገና አላለቀም። ገዢው እዚያው ቆሞ ያሰላል፦ ለሞተር ይህን ያህል፣ ለመካኒክ ይህን ያህል፣ የቀረው ትርፍ።

ስሌቱ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ ያዋጣቸው ሰዎች አሉ። ግን አብዛኛው ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ከሞተሩ ነው፤ መጀመር ያለበት ደግሞ ከሌላው ነው። ሞተር ተፈልጎ ይገኛል፣ ተገዝቶ ይገጠማል። የበሰበሰ ሻንሲ፣ የተቆራረጠ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የተጓደለ ሰነድ ግን በዚህ መልክ አይተካም። ስለዚህ መኪናውን ስታዩ ሞተር የሚባል ነገር ጭራሽ እንደሌለው ቁጠሩት። ከዚያ የቀረው ነገር የተጠየቀውን ዋጋ ያወጣ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

እውነት ሞተሩ አልቋል?

ሻጩ "ሞተር ይፈልጋል" ሲል በደንብ ተመርምሮ ላይሆን ይችላል። አንድ መካኒክ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የተናገረው ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ በትንሽ ጥገና የሚነሣ መኪና "ሞተሩ አልቋል" ተብሎ ይሸጣል። ከሞተሩ የባሰ ጣጣ ያለበት ደግሞ "ሞተር ብቻ" ተብሎ ይሸጣል። የመጀመሪያው ለገዢ ሲሳይ ነው። ሁለተኛው ኪስ ያራቁታል። ሁለቱን ለመለየት ትንሽ መድከም ያስፈልጋል።

አልዞርም ያለ ሞተር ስታዩ ወዲያው ተጣብቋል አትበሉ። ባትሪው ሞቶ ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ የተጣበቀው የኤሲው ኮምፕሬሰር ወይም ዲናሞው ሆኖ ቺንጋው ሞተሩን አስሮ ይይዘዋል። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ቺንጋውን አውጡ፣ ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ። ከዚያ የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ፑሌጃ ብሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ አዙሩት። ሁለት ሙሉ ዙር ሳይደናቀፍ ከሄደ ቢያንስ አልተጣበቀም። መሐል ላይ ጠንካራ ነገር ነክቶ ከቆመ ግን አታስገድዱት፤ ቫልቭና ፒስተን ተገናኝተው ይሆናል።

ይህ የሚያጋጥመው በተለይ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አቀናጅቶ የሚያሠራው ቺንጋ፣ ሲበጠስ ነው። ጉዳቱ እንደ ሞተሩ አሠራር ይለያያል። በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩበት ዕድል የለም። አዲስ ቺንጋ ይገባል፣ መኪናው ይነሣል። በሌሎቹ ቫልቮቹ ይጎብጣሉ። ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ይሠራል እንጂ ሙሉ ሞተር መቀየር የግድ አይሆንም። ስለዚህ ቺንጋ የበጠሰ መኪና ሲቀርብላችሁ የዚያ ሞዴል ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ይህ ብቻውን ሞተር አያስቀይርም። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም የማይቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ወፍራም ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁም ተመልከቱ። ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ካያችሁ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። መሙያው ክዳን ላይ ብቻ ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ቢኖር ግን አትደንግጡ። አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ እርጥበት ተጠራቅሞ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

ከሁሉ የተሻለ የሚናገረው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። መሣሪያው በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ምን ያህል እንደሚጨምቅ ይነበባል። የቤንዚን ሞተር እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ባር በላይ ያሳያል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ነው የማየው። ለምሳሌ አራቱ ሲሊንደሮች 12፣ 12፣ 11.5 እና 6 ቢያሳዩ ችግሩ ያለው አራተኛው ላይ ነው። እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተን ፋሻ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ላይ ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል ብሎ መጠርጠር ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ርካሽ መሣሪያ የሚታወቅ ነገር ነው። ሻጩ እንዳትለኩ ከከለከለ ዋጋውን ሞተሩ ፈጽሞ እንደማይሠራ አድርጋችሁ አስሉት።

አንድ ድምፅ ግን አለ፣ ብዙ ተስፋ የማይሰጥ። ከሥር የሚመጣ፣ ነዳጅ ስትሰጡት የሚብስ ከባድ ኳኳታ። ይህ የብሮንዚና፣ ማለትም ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ፣ ድምፅ ነው። ዘይቱ ሲቀዳ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከወጣ ነገሩ አልቋል። ኮሎው ቶርኖ ቤት ገብቶ ተሞርዶ መስተካከል ወይም ሞተሩ መቀየር አለበት።

ምን ገደለው?

ከሁሉም በላይ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ገዢ ግን አይጠይቀውም። ሞተር ዝም ብሎ አይሞትም። የገደለው ነገር መኪናው ላይ እንዳለ ከቀረ አዲስ የሚገባውንም ይገድለዋል።

ሞተሩ በሙቀት ከተበላሸ ምክንያቱ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ማራገቢያ፣ የተጣበቀ ቴርሞስታት ወይም የሚያፈስ ቱቦ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ደግሞ ሞተሩ ሲወርድ አብረው አይወርዱም፤ አንዳንዶቹ መኪናው ላይ ይቀራሉ። ደህና ሞተር ተገዝቶ ከዚያው ራዲያተር ጋር ሲገጠም ብዙም አይቆይም።

ዘይት አጥቶ የሞተ ሞተር የራሱ ጣጣ አለው። ብሮንዚና ሲፈጭ የብረት ብናኙ በዘይቱ መስመር ሁሉ ይዞራል። የዘይት ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆነ ብናኙ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ በማጠብም አይወጣም ማለት ይቻላል። አዲሱ ሞተር ከድሮው ማቀዝቀዣ ጋር ከተገጠመ የሞተውን ሞተር ብናኝ ይጠጣል። ማቀዝቀዣው መቀየር አለበት። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ባላቸው የናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ የተበላሸ ተርቦ በአየር መስመሩና ያንን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ውስጥ ዘይት ያጠራቅማል። ሳይጸዳ ሞተር ቢገጠምበት ሞተሩ ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ እየሳበ፣ ቁልፍ ቢጠፋም አልቆም ብሎ እስኪፈነዳ ሊዞር ይችላል። የሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ውሃ ገብቶበት የሞተ ከሆነ ሁለት ነገር ለዩ። በጥልቅ ውሃ ሲያልፍ በአየር ማስገቢያው ውሃ የሳበ ሞተር ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ይጎብጣል፤ ውሃ አይጨመቅምና። መኪናው ሌላ ነገር ካልሆነ ሞተር ይቀየርለታል። ጎርፍ እስከ ዳሽቦርዱ የደረሰበት መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽቦው፣ ኮምፒዩተሮቹ፣ ማገናኛዎቹ ውስጥ ውስጡን ይበላሉ። ዛሬ ቢሠራ ከወራት በኋላ አንድ በአንድ ያቆማል። እንዲህ ያለውን መኪና በምንም ዋጋ ባትነኩት ይሻላል።

ሞተር የሌለው መኪና ምን ያወጣል?

አሁን ኮፈኑን ዝጉትና ሥሩ ግቡ። ዝገት ሁሉ እኩል አይደለም። በር ላይ ያለ ዝገት ያስጠላል እንጂ አይገድልም። የሻንሲው ዘንጎች፣ የበሮቹ ሥር ያለው ወፍራም ላሜራ፣ ሞላና ሾካዞርቨር የሚታሰሩበት ቦታ ከዛገ ግን መኪናው ቆሞ የሚሄድበት አጥንቱ ተበልቷል። በካቻቢቴ ጫን አድርጋችሁ ውጉት። ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከተፈረፈረ ትታችሁት ሂዱ። ትንሽ ማግኔትም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቀለሙ ሥር ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ካለ ማግኔቱ አይዝም።

ቀጥሎ የማይታየውን አስቡ። ሞተሩ የማይሠራ መኪና ሌላውንም አያስሞክርም። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ማርሽ ሲቀይር ይንገጫገጭ እንደሆነ አታውቁም። ኤሲው ያቀዘቅዝ እንደሆነ አታውቁም። የመሪው ፓምፕ፣ የፍሬኑ አጋዥ፣ ዲናሞው፣ ሁሉም በሞተር ኃይል ነው የሚሠሩት። ሻጩ "ካምቢዮው ጤነኛ ነው" ቢል ቃሉን ብቻ ነው የያዛችሁት። አውቶማቲክ ከሆነ መለኪያ ዘንግ ያለው እንደሆነ ዘይቱን አሽትቱ፤ ከጠቆረና የመቃጠል ሽታ ካለው ለካምቢዮም ገንዘብ ያዙ። ለእኔ ይህ የማይሞከር ነገር ብዛት ለዋጋ መስበሪያ ከሞተሩ የማያንስ ምክንያት ነው።

ሰው የጀመረው ሥራ ካለበት ደግሞ ዓይናችሁን ግለጡ። ሞተሩ ወርዶ ክፍሎቹ በካርቶንና በጆንያ የተቀመጡ መኪና ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ምክንያትም አለው። ብሎኖቹ ተቀላቅለዋል፣ ማገናኛ ሽቦዎቹ ምልክት አልተደረገባቸውም፣ አንዳንዱ ዕቃ ለሌላ መኪና ሄዷል። በተለይ ሽቦው በመቁረጫ ተቆርጦ ካያችሁ አስቡበት። ሶኬቱ ተነቅሎ የተፈታ ሽቦ መልሶ ይሰካል። የተቆረጠ ግን አንድ በአንድ መቀጠል አለበት፤ ለዚያውም የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ከታወቀ።

ኤሌክትሪኩ ካለ መመርመሪያ ማሽን ሰኩበት። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ2 የሚባለው ወጥ መሰኪያ አላቸው፤ ሌላውም አገር በየጊዜው ተከትሏል። ሞተሩ ባይነሣም ቁልፉ ሲከፈት የተመዘገበ ብልሽት ይነበባል።

ሰነዱን በመጨረሻ ብጠቅሰውም በመጀመሪያ ነው የሚታየው። በብዙ አገር የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ይሰፍራል። ሞተር ሲቀየር ማሳወቅና ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ ምርመራም ሊጠየቅ ይችላል። መኪናው ላይ ያለው ቁጥር ካሁኑ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ሌላ ሰው ሳያስመዘግብ ቀይሮበታል ማለት ነው። ያንን ጣጣ ከነመኪናው ነው የምትገዙት።

የትኛው ሞተር ይግባበት?

ያው ሞተር፣ ያው ኮድ፣ ያው ዓመት ማግኘት ከቻላችሁ ሌላ አታስቡ። መያዣው ይገጥማል፣ ካምቢዮው ይገጥማል፣ ሽቦው ይገጥማል።

ከአንድ ቤተሰብ የሆነ ሞተርም ብዙ ጊዜ ይሄዳል። የቶዮታው 4ኤ-ኤፍኢ 1.6 ሊትር፣ 7ኤ-ኤፍኢ ደግሞ 1.8 ሊትር ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ዘር የወጡ ናቸው። እንዲህ ባሉት ላይ የሚለያየው ጥቂት ነገር ስለሆነ መካኒኩ ያውቀዋል። የድሮዋ ቮልስ ዘንድማ ነገሩ የተለየ ነበር። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር በ4 ብሎን ብቻ ስለምትያያዝ ማውረዱ እንደ ትልቅ ሥራ አይታይም ነበር።

ፈጽሞ የተለየ ሞተር ማስገባት ግን ሌላ ዓለም ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1997 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኮርቬት ያስተዋወቀው ባለ 5.7 ሊትሩ ኤልኤስ1 ሞተር በስንት ዓይነት መኪና ውስጥ እንደገባ ለጉድ ነው። ለኃይሉ መጠኑ ስለሚያንስና ብሎኩ አልሙኒየም ስለሆነ ይወዱታል። መያዣና ማገናኛም ለእሱ ተብሎ ተሠርቶ ይሸጣል። እንዲህ ዝግጁ ዕቃ የሌለው ቅያሬ ከሆነ ሁሉን በራሳችሁ ታሠራላችሁ፤ የሞተር መያዣው ይበየዳል፣ ሴሚያሱ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ይለካል፣ ማርሚታው እንደ አዲስ ይታጠፋል፣ ራዲያተሩ ይተልቃል። ሞተሩ ከከበደ የፊት ሞላው ይቀየራል። ኃይሉ ከጨመረ ፍሬኑ አብሮ መጨመር አለበት።

ሥራውን የሚያስቆመው ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ነው። የዛሬ ሞተር ያለ ኮምፒዩተሩ አይሠራም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቁልፉን ማወቅ ይፈልጋል። በአውሮፓ ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲስ መኪኖች የስርቆት መከላከያ እንዲኖራቸው ግዴታ ስለተደረገ ቁልፉ፣ ኮምፒዩተሩና አንዳንዴም የዳሽቦርዱ መለኪያ በኮድ ተሳስረዋል። ሞተሩ ከሌላ መኪና ሲመጣ ኮምፒዩተሩን፣ ሽቦውንና ቁልፉን አብራችሁ ካልወሰዳችሁ ወይም ኮዱን የሚያስማማ ባለሙያ ካላገኛችሁ ሞተሩ ተገጥሞ ቆሞ ይቀራል። ሙሉ መኪና ለዕቃ መግዛት ውድ ቢመስልም በእንዲህ ያለ ቅያሬ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው እሱ ነው።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ሲሠራ ማየት ከቻላችሁ እዩ። ካልተቻለ ኮምፕሬሽኑን ለኩ፤ ሻጩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመልስላችሁም በጽሑፍ አስቀምጡ። ሞተሩ ወለል ላይ እያለ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ካንዴላውንና የኮሎውን የኋላ ዘይት ማገጃ ቀይሩ። ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ከሆነ ፍሪሲዮኑንም። የዘይት ማገጃው ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው። ከገባ በኋላ ቢያፈስ ግን እሱን ለመቀየር ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት።

የራሱን ሞተር ኦቨርሆል ማድረግስ፣ ማለትም ፈትቶ ማደስስ? ብሎኩና ኮሎው ደህና ከሆኑ፣ ጥሩ ቶርኖ ቤትም ካለ፣ ጤናው ካልታወቀ ያገለገለ ሞተር የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ። ወጪው ከፍ ይላል፣ ጊዜም ይወስዳል። ግን ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የሞተር ቁጥሩም አይቀየርም።

ሂሳቡ

ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ በደህና ሁኔታ የሚሄድ መኪና ዋጋ 100 ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡባቸው።

ሻጩ ሞተር የሌለውን በ40 ይጠይቃል። ያገለገለ ሞተር 25። የእጅ ዋጋ 12። ቺንጋ፣ ፓምፕ፣ ማገጃ፣ ፍሪሲዮን፣ ዘይትና ሌላ ትንንሽ ነገር 10። መኪናውንና ሞተሩን ማጓጓዣ 3። ሲደመር 90። ሰው እዚህ ላይ 10 አተረፍኩ ብሎ ያቆማል። ያልተሞከረውን ካምቢዮ፣ ኤሲና ፍሬን ግን ገና አልቆጠረም። ለዚያ የሥራውን ወጪ ሩብ ብትይዙ 12 ገደማ ይሆናል። ድምሩ 102 ደረሰ። የሚሄደውን መግዛት ይሻል ነበር።

ስለዚህ ወደ ኋላ አስሉ። የሥራው ወጪ ከነመጠባበቂያው 62 ነው። ለድካማችሁ፣ ለጊዜያችሁና ላለማወቃችሁ ቢያንስ 20 ሊተርፍ ይገባል ብላችሁ ጣሪያችሁን 80 ላይ አድርጉ። ለመኪናው መክፈል የምትችሉት 18 ነው። ከተጠየቀው ግማሽ በታች መሆኑ ነው። ሻጩ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ። ወረቀቱን አሳዩት፣ ካልተስማማ ቀጣዩን እዩ።

ይህ ስሌት የማይገዛው አንድ ገዢ አለ። መኪናውን የሚፈልገው ስለሚወደው ነው፤ የአባቱ ዓይነት ነው፣ ወይም እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ አይገኝም። ለእሱ ትርፍ ጉዳዩ አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ገላው ጤነኛ ከሆነና የሚያቆምበት ቦታ ካለው ይግዛ። ለሥራ የሚመላለስበት ብቸኛ መኪና እንዲሆነው ግን አይጠብቅ። የሞተር ቅያሬ ከተባለው ጊዜ ያልፋል። በዚያ መሐል የቆመ መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ዲስኩ ይዝጋል፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል።

መኪናው የራሳችሁ ከሆነስ? ሞተሩ እጃችሁ ላይ ያለቀ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ስትገዙት ያወጣችሁት ገንዘብ ከሂሳቡ ይወጣል፤ ብትጠግኑም ባትጠግኑም አይመለስም። የምታስገቡት ዛሬ ባለበት ሁኔታ ቢሸጥ የሚያወጣውን ነው። ገበያው 18 የሚሰጠው ከሆነ ለእናንተም 18 ነው። ነገር ግን ከውጭ ገዢ የሚበልጥ አንድ ነገር አላችሁ፤ መኪናውን ታውቁታላችሁ። ካምቢዮው ትናንት እንዴት እንደሚሠራ፣ ኤሲው እንደሚያቀዘቅዝ፣ ሞተሩ በምን እንደሞተ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ሌላው ገዢ 12 የሚይዝበትን መጠባበቂያ እናንተ 5 ብትይዙ በቂ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት መኪና ለውጭ ገዢ ሳያዋጣ ለባለቤቱ የሚያዋጣው በዚህ የተነሣ ነው።